ስልሳ አንድ ዓርብ

ጥፋቴን በሰው ፊት ማመን አልወድም። ይህን የምለው ልኮራበት ሳይሆን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያልቅ ይችል የነበረ ነገር ለምን ሁለት ቀን እንደፈጀብኝ እንዲገባችሁ ነው። ሥራዬ የአንድ ኮሌጅ ኮምፒውተሮችን መጠበቅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዎች እየደወሉ «ምንም ሳልነካው ተበላሸብኝ» ይሉኛል፤ አንዳቸውንም አምኜ አላውቅም። ከስልኩ ወዲህ ሆኜ ዓይኔን ወደ ጣሪያ እያንከባለልኩ «እሺ፣ ሳይነኩት ምን አደረጉት?» እላለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ጫማ ሰሪ ነው። የሱቅ ጫማ እምቢ ላለው እግር ይሰራል፤ አንዱ ካንዱ ለሚያጥር፣ ጣቱ ለተቆረጠ፣ ቢላዋ ላረፈበት። የሥራ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ደንበኛ የሚቀመጥበት ከፍ ያለ ወንበር፣ የእግር መለኪያው መሣሪያና ኮምፒውተሩ አሉ። በኋለኛው ሚስቱ፣ እኔ እታለም የምላት፣ የጫማውን የላይኛውን ቆዳ ትሰፋለች። ቤቱ ማስቲሽና ቆዳ ይሸታል፤ ወለሉ ላይ ግን አንዲት ቁራጭ አታገኙም። ወንድሜ ቁርጥራጭ ሲያይ ያመዋል። በቀን ሦስቴ ይጠርጋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል ደንበኛ ደግሞ ጫማው በአንድ ሳምንት ይዘገይበታል፤ ተረቱን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንቴ እንደሰማው እሱ ነው የሚያውቀው።

መለኪያውን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ከትዳሬ በዕድሜ ይበልጣል። የሰራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፤ በዛሬ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ አይነሳም። አሮጌው ኮምፒውተር ማቃሰት ሲጀምር፣ እኔ ያለ የሌለውን፣ ዲስኩን ከነፕሮግራሙ፣ አንድ ትልቅ ፋይል አድርጌ በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁት። በእኛ አነጋገር ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የሚኖር ኮምፒውተር። ወንድሜ ይህን ስነግረው ትንሽ አሰበና «ጽንስ በይኛ» አለ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ጽንሱ ሆኖ ቀረ። ስደውልለት «ጽንሱ ደህና ነው፣ እናትየዋ ግን ትንሽ ትሞቃለች» ይለኛል።

ከአስራ አራት ወር በፊት ጽንሱ ላይ አንድ ማሻሻያ መጫን ነበረብኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከመንካታችን በፊት ስናፕሾት እንወስዳለን። ስናፕሾት ከተወሰደበት ደቂቃ ጀምሮ ትልቁ ፋይል እንደነበረ ይቆማል፤ አዲስ የሚጻፈው ሁሉ አጠገቡ በምትፈጠር ሌላ ትንሽ ፋይል ላይ ይጠራቀማል። ማሻሻያው ካልተስማማ ትንሿን ጥሎ ወደ ነበሩበት መመለስ ነው። ከተስማማ ደግሞ ትንሿን ከትልቁ አዋህዶ መዝጋት። ተስማማ። «በሚቀጥለው ሳምንት መጥቼ እዘጋዋለሁ» አልኩ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል፤ ለሌላ ሰው ስናገረው በደንብ እችልበታለሁ። ያ ሳምንት ግን አስራ አራት ወር ሆነ። በዚያው ቀን «አሁን እኮ ዘመን ተለውጧል» ብዬ የወረቀት መዝገቡንም ያስተውኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ወንድሜ ደወለ። ድምፁ ቀጭን ነበር።

«ነይ እስኪ።»

«ምን ሆነህ ነው ጋሼ?»

«ትኬት ቆራጯ የለችም።»

«የት ሄደች?»

«አልሄደችም። ጽንሱ ውስጥ ነው የሌለችው። አስሩም ልኬቷ የለም።»

ትኬት ቆራጯን አውቃታለሁ። በከተማ አውቶቡስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል፣ ሳቋ ከራሷ ቀድሞ የሚገባ ሴት ናት። ከአስራ አንድ ወር በፊት የቀኝ እግሯ አጥንት ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ከዚያ በኋላ አጥንቱ ወደ ውጭ መንሸራተት ጀመረ። ሐኪሟ በየወሩ ወንድሜ ዘንድ እንድትለካ አዘዛትና ቁርጡን ነገራት፦ እግሩ አራት ወር ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ከቆመ አይነካትም፤ አሁንም የሚንሸራተት ከሆነ ግን እንደገና ከፍቶ ብረት ያስገባል። ያን ጊዜ አውቶቡስ ላይ መቆም ቀረ ማለት ነው። ቀጠሮዋ ሐሙስ ነበር።

«እንደገና ለካት» እንዳትሉኝ። የዛሬው እግር ዛሬ ይለካል፤ የመጋቢትን እግር ግን ማን ያመጣዋል? ሐኪሙ የሚፈልገው ደግሞ ልኬቱን ሳይሆን ልዩነቱን ነው።

ወንድሜስ አያስታውሰውም ወይ? አያስታውሰውም፤ በሕግ። የቀደመውን ልኬት አይቶ የሚለካ እጅ ይዋሻል ባይ ነው፤ ዓይን ወደሚያውቀው ቁጥር ይጎትታል ይላል። ስለዚህ ይለካል፣ ያስቀምጣል፣ ይዘጋል። ማነጻጸር የሚፈቀደው ከሐኪሙ ቀጠሮ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የትኬት ቆራጯን ካርድ የከፈተውም ለዚያ ነበር። ስለዚህ እግሯ ይሂድ ይቁም በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ስደርስ አዲስ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ ጉብ ብሏል።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ገዛሁት። ቅዳሜና እሁድ ራሴ አዛወርኩት፣ ሳላስቸግርሽ» አለ። ሊያስደንቀኝ ፈልጎ እንደነበር ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

«ምኑን አዛወርክ?»

«ትልቁን ፋይል። ጽንሱ እሱ ነው አላልሽም?»

«አጠገቡ የነበረችውስ? መጨረሻዋ ላይ ቁጥር ያለባት?»

«እሷማ ትንሽ ናት። ትርፍራፊ መስላኝ…» ብሎ በእጁ መጥረግ አሳየኝ።

አሮጌው ኮምፒውተር የት እንዳለ ጠየቅኩት። ለሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሰጥቶታል። ከመስጠቱ በፊት ደግሞ ዲስኩን አንድም ነገር እንዳይቀርበት አድርጎ በሚያጸዳው ፕሮግራም አጽድቶታል። እንዴት እንደሚጸዳ የተጻፈበት ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ «የደንበኛ መረጃ ለሰው አይሰጥም!» ይላል፣ በቀይ ተሰምሮበት።

አፌን ከፈትኩ። ሳላማክረው ለምን እንደነካ፣ ቁርጥራጭ ሁሉ ቆሻሻ እንዳልሆነ፣ እኔ የእሱን መርፌና ወስፌ ነክቼ እንደማላውቅ ተናገርኩ። ጮህኩ ማለት ይቀላል። የንግግሬ ግማሽ ላይ ስደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ ያቺ ትንሽ ፋይል በሰዓቱ ተዘግታ ቢሆን ኖሮ ትልቁ ፋይል ብቻውን ይበቃ ነበር። ወንድሜ የሚጠርገው ቁራጭ ራሱ አይኖርም ነበር። የአስራ አራት ወር እግር ሁሉ እኔ ክፍት በተውኳት ፋይል ውስጥ ነበር የተቀመጠው።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ዓይኔን በጨው አጥቤ ንግግሬን ጨረስኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ወንድሜ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ያያል፤ ጣቶቹ መዶሻ የደቆሳቸው የጫማ ሰሪ ጣቶች ናቸው።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። እታለም በበሩ ብቅ አለች።

«ያ ጥቁሩ ሳጥን አይረዳም?»

«የቱ ጥቁር ሳጥን?» አልኩ።

«ዓርብ ዓርብ የምሰካው።»

ወንድሜ ቀና አለ። «እሱን ተይው ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፈዋል ብዬሽ አልነበር?»

«ብለኸኛል። እሷ ግን በየሳምንቱ ዓርብ ሰክተሽ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት እስክታቆም ጠብቂ አለችኝ። ተይው አላለችኝም። ያስጀመረኝ ሌላ፣ የሚያስቆመኝ ሌላ?»

«መቼ ነው የምትሰኪው?»

«አንተ ቆዳ ልትገዛ ስትወጣ።»

«አስራ አራት ወር ሙሉ?»

«ስንት ዓርብ ቆዳ ገዛህ?» አለችና ከክር ሳጥኑ ሥር ጥቁሩን ሳጥን፣ ተንቀሳቃሽ ዲስኩን፣ አውጥታ ሰጠችኝ። በጨርቅ ጠቅልላዋለች።

ልስማት ምንም አልቀረኝም። የጽንሱን ግልባጭ በዚህ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠውን መጠባበቂያ ያዘጋጀሁት ያን የስናፕሾት ቀን እኔው ራሴ ነበርኩ። በየሳምንቱ ሪፖርት በኢሜል ይመጣልኝ ነበር፤ ቢሰለቸኝ ጊዜ ከፍቼ ወደማላየው ማህደር እንዲገባ አዘዝኩትና ረሳሁት። ወንድሜ አንድ ጊዜ «ያንን ነገር ትተነዋል» ሲለኝም እንደ ተተወ ቆጥሬው ነበር። ያልተወችው እሷ ብቻ ናት።

ዲስኩን ሰክቼ ከፈትኩ። ስልሳ አንድ ዓርብ ተደርድሯል፤ የመጨረሻው ካለፈው ሳምንት ነው። ትኬት ቆራጯ ለመጨረሻ ጊዜ የተለካችው በዋዜማው ሐሙስ ነበርና ልቤ ትንሽ ተመለሰ። ግን ገና ነበር። በመጀመሪያው ዓርብ ጽንሱ ሙሉውን ተቀድቷል። ከዚያ ወዲህ ግን የመጠባበቂያው ሶፍትዌር ካለፈው ዓርብ ወዲህ የተነካውን የዲስኩን ክፍል ብቻ ምልክት እያደረገ፣ እሱኑ ብቻ ነው የሚቀዳው። ለዚህ ነው በሁለት ሦስት ደቂቃ የሚያልቀው። ችግሩ፣ እያንዳንዱ ዓርብ ካለፈው ዓርብ ላይ የቆመ ነው። የመጨረሻውን ለማግኘት የመጀመሪያውን አስቀምጦ ሌሎቹን በተራቸው መደረብ ያስፈልጋል። መሃል ላይ አንዱ ከከዳ ከእሱ ወዲህ ያለው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል።

«እታለም፣ መብራቷ ሳትቆም የነቀልሽው ቀን አለ?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ጉንጯ ቀላ። «አንድ ቀን… ለስፌት መኪናው ሶኬት አጥቼ።»

«መቼ?»

«የሙሽራዋ ጫማ የተሰፋ ሰሞን።»

አንድ በአንድ መረመርኩ። ሃያ ሦስተኛው ዓርብ ግማሽ ሆኖ ተገኘ።  ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ነበርና ትንፋሹን ሰማሁት፤ ማያውን ባያነብም የእኔን ጀርባ ያነባል። ቀጥሎ ሃያ አራተኛውን ከፈትኩ። መጠኑ የሌሎቹን እጥፍ ነው። ሶፍትዌሩ ያላለቀውን ዓርብ እንዳልነበረ ቆጥሮ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሁለቱን ሳምንት ለውጥ አንድ ላይ ወስዶታል። ከእኔ ይልቅ ሥነ ሥርዓት ያለው ሶፍትዌር ነው።

«ይሆናል ወይስ አይሆንም?» አለ ወንድሜ።

«ይሆናል አልልህም። አይሆንም ግን አልልህም።»

ዲስኩ አዝጋሚ ስለሆነ ድረባው ሰዓታት ይፈልጋል። አስጀምሬው ወደ ቤቴ ሄድኩ። በሩ ላይ ወንድሜ «ይቅርታ፣ አስቸገርኩሽ» አለኝ። «ምንም አይደል» አልኩት። ምንም አይደል! አሁንም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ስመለስ ማያው ላይ ያለው የድረባው ቆጣሪ ሃምሳ አራተኛው ዓርብ ላይ ደርሷል። ሻይ ሳልጨርስ ትኬት ቆራጯ ከሥራዋ መልስ፣ የትኬት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ገባችና ከፍ ያለው ወንበር ላይ ወጣች።

«ጋሼ፣ ወረቀቴ ደረሰ? ነገ ነው እኮ። ሌሊቱን ሙሉ እግሬን ሳይ ነው ያደርኩት፤ ቆመሃል ወይ ብዬ ብጠይቀው የሚነግረኝ ይመስል።»

ወንድሜ ሽርጡን ፈታ። ለምን እንደፈታው አላውቅም፤ ምናልባት ሽርጥ ለብሶ የሚነገር ነገር አልመስለው ብሎ ይሆናል። ፊቷ ቆመ።

«ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ልኬትሽን በገዛ እጄ ጠርጌ ጥዬዋለሁ። እህቴ ልትመልሰው እየሞከረች ነው። ካልተመለሰ ነገ አብሬሽ ሐኪሙ ዘንድ እሄድና ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በእኔ ጥፋት እሷን አትቅደዳት እለዋለሁ።»

 የሴትየዋ ሳቅ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ሲወርድ አየሁት። እጇን አውርዳ የቀኝ ቁርጭምጭሚቷን ያዘች፣ ሰው የሚወሰድበትን ነገር እንደሚይዘው።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«የሱ ጥፋት አይደለም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። «የኔ ነው። በሳምንት ውስጥ እዘጋዋለሁ ብዬ አስራ አራት ወር ክፍት የተውኩት ነገር ነበር። ዘግቼው ቢሆን ኖሮ ጋሼ ያዛወረው ፋይል ውስጥ አንቺም ትኖሪ ነበር። እሱ ያደረገው እኔ ያስተማርኩትን ነው። ወረቀቱ እንኳ ይኸው ግድግዳው ላይ።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ።

«ትናንት ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስትጮሂብኝ?»

«ግማሽ ላይ ስደርስ ነው ያወቅኩት።»

«እና ግማሽ ላይ አቆምሽ?»

«አላቆምኩም።»

ከኋለኛው ክፍል የእታለም ሳቅ ፈነዳ። ልትይዘው ሞከረች፣ አልያዝ አላት። ወንድሜ ኮስተር ብሎ ሊቆይ ፈልጎ ነበር፤ ከንፈሩ ግን ከዳው።

«ሁለተኛውን ግማሽ ለምን ጨመርሽው ታዲያ?»

«ጀምሬው ስለነበር።»

«እሜቴን ተመልከቱልኝ!» አለና ሽርጡን መልሶ ታጠቀ። «እኔ ደግሞ እንቅልፍ አጥቼ… ለአንድ ዓመት ሶልሽን ራስሽ ለጥፊ።»

ትኬት ቆራጯ አልሳቀችም፤ ግን እንደ መተንፈስ ብላ «የማንም ይሁን፣ ብቻ ይመለስ» አለች። እኔ ቀለለኝ። እንዲህ እንደሚቀል ባውቅ ኖሮ ሃያ ሁለት ዓመት አልቆይም ነበር ለማለት ይቃጣኛል፤ ግን አልዋሽም፣ እቆይ ነበር።

አራታችንም ማያው ፊት ተሰበሰብን። ሃምሳ ስምንት። ሃምሳ ዘጠኝ። ስልሳኛው ላይ ቆጣሪው ቆም ሲል እታለም እጄን ያዘች። ከዚያ አለቀ። አሮጌው ፕሮግራም በዚያ ግራጫ ፊቱ ብቅ አለ፤ ቀኑ ያለፈው ዓርብ ነው። ወንድሜ የትኬት ቆራጯን ካርድ ፈለገ። አለች። አስሩም ልኬት አለ።

«እንግዲህ» አለ። «አሁን ማየት ይፈቀዳል።»

የመጀመሪያውን ወር ጠቅ አደረገ፤ የእግሯ ዙሪያ በቀይ መስመር ተሰመረ። ሁለተኛው ከውጭ በኩል ወጣ ብሎ ተሰመረ። ሦስተኛው ከእሱም ወጣ። አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ፤ ሁሉም ወደ ውጭ። ትኬት ቆራጯ ከወንበሩ ላይ ሆና ታያለች፣ በየመስመሩ ትከሻዋ ዝቅ ይላል። ስድስተኛው ከመጀመሪያው በአንድ የጣት ውፍረት ርቋል። 

ወንድሜ ሰባተኛውን ጠቅ አደረገ። ምንም አልተሰመረም። እንደገና ጠቅ አደረገ፤ ምንም። ስምንተኛውን ሞከረ። ምንም።

«ጽንሱ ተበላሽቷል?» አለኝ በቀስታ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስር፤ እኔው ሁሉንም ጠቅ አደረግኩ፣ ሁሉም ተከፍተዋል። አጉልቼ አየሁ፤ ከዚያ ይበልጥ አጎላሁ። መስመሮቹ አሉ። ስድስተኛው ላይ ነው የተሰመሩት፣ አንዱ ባንዱ ላይ።

«አልተበላሸም» አልኩ። «እዚያው ናቸው።»

«የዚህ ወር የትኛው ነው?» አለች ትኬት ቆራጯ። ገና አልገባትም።

ወንድሜ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ አደረገ። የእያንዳንዱን ደንበኛ እግር በጨለማ ዳስሼ እለያለሁ እያለ ሠላሳ ዓመት የፎከረ ሰው ነው። አፍንጫው ማያውን እስኪነካ ቀረበ፤ ብዙ ቆየ።

«አልለይም» አለ፣ ድምፁ እየተሰበረ። «እኔ መለየት አቃተኝ፣ ልጄ።»

ሴትየዋ ከወንበሩ ወረደች። ለልኬት እንደምታደርገው፣ ወንበሩ ላይ ስትወጣ የቀኝ ጫማዋን በልማድ አውልቃው ስለነበር በባዶ እግሯ ነው የወረደችው። በዚያ እግር ላይ መላ ክብደቷን አሳርፋ ማያው ፊት ቆመች፤ አምስቱ ወር አንድ መስመር ሆኖ አየችው። «ቆሟል» አለች። ከዚያ ለወንድሜ፣ ለእታለም፣ ለእኔ፣ ተራ በተራ «ቆሟል እኮ» አለችን፣ እኛ ያላየን ይመስል።